ሰንጢ በኪስ፦ በኦሃዮ የተፈቀደው ምንድን ነው? ያልተፈቀደውስ?

በኦሃዮ ግዛት ዋና ከተማ በኮለምበስ ሰሜናዊ ክፍል የሚገኘው ኖርዝላንድ ብዙ ቋንቋ የሚሰማበት ሠፈር ነው። እ.አ.አ. በ1964 የተከፈተው ትልቁ የኖርዝላንድ የገበያ ማዕከል በ2002 ከተዘጋ በኋላ፣ በሞርስ ሮድና በክሊቭላንድ አቬኑ ዙሪያ ያሉ መደብሮችን ዳግም ሕይወት በመስጠት ረገድ ከኢትዮጵያ፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራ፣ ከኔፓልና ከላቲን አሜሪካ የመጡ ሰዎች ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ከእነዚህ ነዋሪዎች መካከል በመጋዘን ካርቶን የሚከፍቱ፣ በጭነት መኪና ከግዛት ግዛት የሚጓዙ፣ ቤት የሚያድሱና ዕቃ የሚጠግኑ ብዙዎች ናቸው። ለእነርሱ ታጣፊ ቢላ፣ በአማርኛ ስሙ ሰንጢ፣ የዕለት ተዕለት የሥራ ዕቃ ነው። ኦሃዮም ከ2021 ወዲህ ሰንጢን በኪስ ስለመያዝ የነበረውን ሕግ በእጅጉ አላልቷል።

ይሁን እንጂ “ተፈቅዷል” የሚለው ቃል ብቻውን ሙሉውን ሥዕል አያሳይም። በመንገድ ላይ ሕጋዊ የሆነው ሰንጢ በትምህርት ቤት ቅጥር፣ በፍርድ ቤት በር ወይም በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ፍተሻ ላይ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ስለቱ በጠብ መካከል ሲገለጥ ደግሞ ጉዳዩ ከናካቴው ይለወጣል። የአሜሪካ ዜግነት ላላገኘ ሰው መዘዙ ከእስርና ከገንዘብ መቀጮም ያልፋል።

ትልቅ ሰንጢ የሚባለው የትኛው ነው?

ሰንጢ ስለቱ ወደ እጀታው ታጥፎ የሚገባ ቢላ ነው። ዋናው የዓይነት ልዩነት በርዝመቱና በመቆለፊያው ላይ ነው። የስዊስ ጦር ቢላ እየተባሉ የሚታወቁት አነስተኛ ሰንጢዎች አብዛኛውን ጊዜ ስለታቸው በስፕሪንግ ተደግፎ ይቆማል እንጂ አይቆለፍም። ትልልቆቹ ግን ሲከፈቱ የሚቆለፉ ናቸው። መቆለፊያው የተሠራው ስለቱ በሥራ መካከል በድንገት ታጥፎ ጣት እንዳይቆርጥ ነው።

በአሜሪካ የትልቅ ሰንጢ አርአያ ተደርጎ የሚታየው በክ የተባለው ኩባንያ በ1964 ለገበያ ያቀረበው ሞዴል 110 ነው። ስለቱ 9.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲረዝም፣ ክብደቱ ወደ 200 ግራም ይጠጋል። ከዚያ ወዲህ የወጡ ሰንጢዎች ብዙዎቹ በኪስ ጠርዝ ላይ የሚሰካ ቅንጥብና በአውራ ጣት የሚገፋ ጉብታ ወይም ቀዳዳ ስላላቸው በአንድ እጅ ይከፈታሉ።

እነዚህ ነገሮች ለሠራተኛው ምቾት ናቸው። ሆኖም ርዝመት፣ መቆለፊያና በአንድ እጅ መከፈት በብዙ አገሮች ሕግ ፊት ሰንጢውን ከሥራ ዕቃነት ወደ ጥቃት መሣሪያነት የሚያስጠጉ ምልክቶች ሆነው ሲቆጠሩ ቆይተዋል። በኦሃዮም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ ነበር።

የኦሃዮ ሕግ እንዴት ተለወጠ?

የኦሃዮ ሕግ “ገዳይ መሣሪያ”ን በልብስ ውስጥ ወይም በእጅ በሚደረስበት ቦታ ደብቆ መያዝን ይከለክላል። ሕጉ ገዳይ መሣሪያ የሚለው ሕይወት ሊያጠፋ የሚችልን፣ ከዚህም በተጨማሪ ለጥቃት መሣሪያነት የተሠራን ወይም እንደ ጥቃት መሣሪያ የተያዘን አለዚያም ጥቅም ላይ የዋለን ዕቃ ነው። ጥያቄው አንድ ሰንጢ በዚህ ትርጉም ውስጥ ይወድቃል ወይስ አይወድቅም የሚለው ነበር። መልሱን የሚሰጠው በመጀመሪያ በቦታው የተገኘው ፖሊስ፣ ቀጥሎም ፍርድ ቤት ነበር። የስለቱ መጠንና ቅርጽ፣ የአከፋፈቱ ፍጥነትና መቆለፊያው ይመረመሩ ነበር። በዚህ የተነሳ አንዱን በሰላም ያሳለፈው ሰንጢ ሌላውን ሊያስከስሰው ይችል ነበር።

በገዥው ማይክ ዲዋይን ተፈርሞ ከኤፕሪል 12 ቀን 2021 ጀምሮ የጸናው የሴኔት ሕግ ቁጥር 140 ይህን አሠራር ቀየረ። ደብቆ ስለመያዝ በሚደነግገው አንቀጽ ውስጥ ቢላ፣ ምላጭ ወይም ሌላ የመቁረጫ ዕቃ ለጥቃት እስካልዋለ ድረስ ገዳይ መሣሪያ ተብሎ እንደማይቆጠር ደነገገ። በቁልፍ ወይም በስፕሪንግ ኃይል የሚከፈቱ ሰንጢዎችን መሥራትና መሸጥ ላይ የነበረውንም ክልከላ አነሳ።

በቀጣዩ ዓመት፣ በ2022፣ የሴኔት ሕግ ቁጥር 156 ቢላን የሚመለከተው ደንብ በመላው ግዛት አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረገ። ከዚያ በፊት ክሊቭላንድን የመሳሰሉ ከተሞች በስለት ርዝመት ላይ የራሳቸው ገደብ ነበራቸው።

በአጭሩ፣ ኦሃዮ ዛሬ በመንገድ ላይ ሰንጢ የያዘን ሰው የምትጠይቀው “ስንት ኢንች ነው?” ብላ ሳይሆን “ምን አደረግህበት?” ብላ ነው።

“መሣሪያ” የሚለው ቃል የሚደብቀው ልዩነት

እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪን የሚመለከት አንድ ነገር አለ። በአማርኛ “መሣሪያ” የሚለው ቃል ለመዶሻና ለመጋዝም፣ ለጠመንጃና ለሽጉጥም ያገለግላል። ልዩነቱን የምንረዳው “የሥራ” ወይም “የጦር” የሚል ቅጽል ሲታከልበት ወይም ከነገሩ አካሄድ ነው። የእንግሊዝኛው ሕግ ግን ለሁለቱ የተለያዩ ቃላት አሉት። በተከሳሽ ጥፋተኝነትና ንጽሕና መካከል ያለው መስመርም ብዙ ጊዜ የሚያልፈው በሁለቱ ቃላት መካከል ነው።

አንድ መርማሪ “ይህን የያዝከው እንደ ጥቃት መሣሪያ ነው?” ብሎ ሲጠይቅ፣ አስተርጓሚው “ይህን የያዝከው እንደ መሣሪያ ነው?” ብሎ ቢያስተላልፈው፣ ካርቶን መክፈቻውን በአሳቡ ይዞ “አዎን” የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። መልሱ በመዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን በእንግሊዝኛው ትርጉም ነው። “ለምን ያዝከው?” ለሚለው ጥያቄ “ራሴን ለመጠበቅ” የሚለውም የተለመደ መልስ እንዲሁ ሰንጢውን ከሥራ ዕቃነት አውጥቶ ወደ ጥቃት መሣሪያነት የሚያሻግር ቃል ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

ከ2021 በኋላ ይህ መልስ በመንገድ ላይ ያለውን ሰው ብቻውን ወንጀለኛ አያደርገውም። በትምህርት ቤትና በፍርድ ቤት ግን ሰንጢው “እንደ ጥቃት መሣሪያ የተያዘ” ነው ወይስ አይደለም የሚለው አሁንም ዋናው ጥያቄ ነው።

ቃሉ በአገር ቤትም ሁለት ገጽ አለው። ሰንጢ በገጠር መፋቂያ ለመቁረጥ፣ ሸንኮራ አገዳ ለመላጥና ገመድ ለመበጠስ ከኪስ የሚወጣ ዕቃ ነው። በአዲስ አበባ ግን ቃሉ የማጅራት መቺን ምስል ይዞ ይመጣል። በመስቀል ወይም በሌሎች ታላላቅ በዓላት ወደ አደባባይ የሚሄድ ሰው ስለታማ ነገር ይዞ እንዳይመጣ ፖሊስ በየዓመቱ ያሳስባል፤ በየመግቢያውም ይፈትሻል። ከዚህ ልማድ የወጣ ሰው ኦሃዮ ውስጥ ክልከላው መላላቱን ሲሰማ ገደብ የሌለ ቢመስለው አያስገርምም።

ስለቱ ሲገለጥ

በኦሃዮ ሰንጢ የመያዝ ነጻነት የሚያበቃው ሰንጢው በሰው ላይ ሲነጣጠር ነው። ሰውን ሳይነኩ በስለት አስፈራርቶ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት እንዲያምን ማድረግ “የከበደ ዛቻ” ይባላል። ይህ አንደኛ ደረጃ ቀላል ወንጀል ሲሆን እስከ 180 ቀን እስርና እስከ 1,000 ዶላር መቀጮ ያስከትላል። በስለት ሰውን መጉዳት ወይም ለመጉዳት መሞከር ደግሞ ሁለተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል ነው፤ ቅጣቱም በዓመታት የሚቆጠር እስራት ነው። ከመደብር ዕቃ ሰርቆ ሲወጣ ሰንጢ ያሳየ ሰው በስርቆት ሳይሆን ከከባዶቹ ወንጀሎች በአንዱ፣ በከባድ ውንብድና ሊከሰስ ይችላል።

ራስን መከላከል በሕግ የታወቀ መብት ነው። ኦሃዮ በ2021 ያወጣችው ሌላ ሕግም በሕጋዊ መንገድ በተገኘበት ቦታ ጥቃት የደረሰበት ሰው ከመከላከሉ በፊት የማፈግፈግ ግዴታ እንደሌለበት ይደነግጋል። ሆኖም ሕይወት ሊያጠፋ የሚችል ኃይል የተጠቀመ ሰው ጠቡን የጀመረው እርሱ አለመሆኑና ለሕይወቱ ወይም ለከባድ የአካል ጉዳት የሚያሰጋ አፋጣኝ አደጋ እንዳለ በበቂ ምክንያት ማመኑ ይመረመራል። በመኪና ማቆሚያ ቦታ በተነሳ ስድብና ግፊያ መካከል ሰንጢ መምዘዝ ከዚህ መስፈርት ጋር መግጠሙ እጅግ አጠራጣሪ ነው።

ከሕጉ ባሻገር በቅጽበት የሚወሰን ነገርም አለ። አዲሱ ሕግ ከጸና ከስምንት ቀን በኋላ፣ በኤፕሪል 20 ቀን 2021፣ ማኪያ ብራያንት የተባለች የ16 ዓመት ታዳጊ በደቡብ ምሥራቅ ኮለምበስ በጠብ መካከል ቢላ ይዛ በሌላ ሴት ላይ ስትሰነዝር፣ ለጥሪ የመጣ ፖሊስ ተኩሶ ገደላት። ድርጊቱ በመላ አገሪቱ ብርቱ ክርክር አስነሳ። የፍራንክሊን ካውንቲ ግራንድ ጁሪ በ2022 በፖሊሱ ላይ ክስ እንዳይመሠረት ወሰነ። የእርሷ ቢላ ታጣፊ አልነበረም፤ ክርክሩም ቢላ ስለመያዝ አልነበረም። ይሁንና በኪስ ያለ ስለትና በእጅ የተገለጠ ስለት በፖሊስ ዓይን ምን ያህል እንደሚራራቁ ከተማዪቱ በዚያ ቀን አይታለች።

ይዞ መግባት የማይገባባቸው ቦታዎች

የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። የኦሃዮ ሕግ “የትምህርት ቤት ደኅንነት ቀጣና” የሚለው ሕንፃውን ብቻ ሳይሆን ቅጥር ግቢውን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሱንና ትምህርት ቤቱ የሚያካሂደውን ዝግጅት ይጨምራል። ወደዚያ ገዳይ መሣሪያ ይዞ መግባት አምስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል ሲሆን፣ እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል። የ2021ዱ ማላላት የተጻፈው ደብቆ ስለመያዝ ለሚደነግገው አንቀጽ እንጂ ለዚህኛው አይደለም። ስለዚህ ከሥራ በቀጥታ ልጁን ለመውሰድ የሚሄድ ወላጅ ሰንጢውን አስቀድሞ ቤቱ ቢያስቀምጠው ይሻለዋል።

ለተማሪዎች ደግሞ ሌላ መዘዝ አለ። የትምህርት ቦርዶች ቢላ ይዞ የመጣ ተማሪ እስከ አንድ ዓመት ከትምህርት እንዲባረር ለመፍቀድ ሕጉ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። አባቱ በሥራ ቦታ የሚገለገልበትን ሰንጢ በቦርሳው ይዞ የተገኘ ታዳጊ የአንድ ዓመት ትምህርት ሊያጣ ይችላል።

ሁለተኛው ፍርድ ቤት ነው። ገዳይ መሣሪያ ይዞ ወደ ፍርድ ቤት መግባትም አምስተኛ ደረጃ ከባድ ወንጀል ነው። የትራፊክ ቅጣት ለመክፈል እንኳ ቢሆን የሚገባ ሰው በበሩ ፍተሻ ያልፋል።

ሦስተኛው የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ ነው። የፌዴራል ሕግ በእነዚህ ሕንፃዎች ውስጥ አደገኛ መሣሪያ መያዝን ሲከለክል፣ ከክልከላው ውጭ የሚያደርገው ስለቱ ከሁለት ኢንች ተኩል፣ ማለትም ከ6.35 ሳንቲ ሜትር፣ ያነሰን የኪስ ቢላ ብቻ ነው። ትልቅ ሰንጢ ከዚህ ልክ ይበልጣል። ቅጣቱ እስከ አንድ ዓመት እስር፣ በፌዴራል ፍርድ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ እስከ ሁለት ዓመት ሊደርስ ይችላል። የዜግነት ቃለ መጠይቅ፣ የጣት አሻራና የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ቀጠሮ ያለበት ሰው የሚሄደው ወደ እንዲህ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ነው። ከቤት ከመውጣት በፊት ኪስን መፈተሽ የሚጠቅመው በተለይ በእነዚህ ቀናት ነው።

አራተኛው አውሮፕላን ነው። ማንኛውም ሰንጢ በእጅ ሻንጣ ወደ አውሮፕላን አይገባም፤ በሚላከው ሻንጣ ውስጥ ተጠቅልሎ ሊቀመጥ ግን ይችላል። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር በማርች 2013 አነስተኛ ሰንጢዎችን ለመፍቀድ አስቦ ነበር፤ ነገር ግን ከአውሮፕላን አስተናጋጆችና ከሌሎች በተነሳ ተቃውሞ በዚያው ዓመት በጁን ሐሳቡን ተወ።

የግል ድርጅቶችም የራሳቸውን ደንብ ማውጣት ይችላሉ። የመጋዘን አሠሪ ሠራተኛው የራሱን ሰንጢ እንዳያመጣና ድርጅቱ የሚሰጠውን የደኅንነት መቁረጫ ብቻ እንዲጠቀም ማዘዝ ይችላል። ይህን መጣስ ወንጀል ባይሆንም ሥራ ሊያሳጣ ይችላል።

ዜግነት ላላገኙ ሰዎች ተጨማሪው አደጋ

ግሪን ካርድ ያለው፣ ጥገኝነት የጠየቀ ወይም በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ሰው በስለት ጠብ ሲከሰስ ሁለት ሕጎች ይጠብቁታል፤ አንዱ የኦሃዮ፣ ሌላው የፌዴራል ኢሚግሬሽን ሕግ ነው። የኃይል ድርጊት ሆኖ የአንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት የተፈረደበት ወንጀል በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ተርታ ይመደባል፤ ለዓመታት የኖረን ቋሚ ነዋሪ እንኳ ከአገር ሊያስወጣ ይችላል። ለዜግነት የሚያመለክት ሰውም ስለ እስርና ክስ ታሪኩ ይጠየቃል።

ብዙዎችን የሚያሳስተው “ጉዳዩ ተዘግቷል” የሚለው አነጋገር ነው። በኦሃዮ ፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አምኖ የተሐድሶ መርሐ ግብር የፈጸመና ክሱ የተሰረዘለት ሰው በግዛቱ ዓይን ነጻ ሊሆን ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕግ ግን ማመኑንና ግዴታ መጣሉን ብቻ አይቶ እንደተፈረደበት ሊቆጥረው ይችላል። መዝገብን ማሸግም ይህን አይፋቅም።

በዚህ ምክንያት የኦሃዮ ሕግ ዳኛው ዜጋ ላልሆነ ተከሳሽ፣ ጥፋተኛ ነኝ ከማለቱ በፊት፣ ውሳኔው ከአገር መባረርን፣ ዳግም እንዳይገባ መከልከልን ወይም ዜግነት መነፈግን ሊያስከትል እንደሚችል እንዲነግረው ያዛል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2010 ፓዲያ ከኬንታኪ ግዛት ጋር በተከራከሩበት መዝገብ፣ የተከሳሽ ጠበቃ ከአገር የመባረርን አደጋ ለደንበኛው የማስረዳት ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ ተከሳሹ ከመፈረሙ በፊት “ይህ በመኖሪያ ፈቃዴ ላይ ምን ያስከትላል?” ብሎ መጠየቁ መብቱ ነው፤ አስተርጓሚ መጠየቁም እንዲሁ።

ፖሊስ ሲያስቆም

ፖሊስ የሰውን ልብስ ከላይ ዳብሶ መሣሪያ እንዲፈልግ የፈቀደው ታዋቂው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ መነሻው እዚያው ኦሃዮ ነው። በ1963 በክሊቭላንድ መንገድ ላይ አንድ መርማሪ ሦስት ሰዎችን ተጠራጥሮ ፈተሻቸው። ጉዳዩ ቴሪ ከኦሃዮ ግዛት ጋር በሚል መዝገብ ተከራክሮ በ1968 ተወሰነ። ፖሊሱ ሰውዬው መሣሪያ ታጥቋል፣ አደገኛም ነው ብሎ ለመጠርጠር ተጨባጭ ምክንያት ካለው ከልብስ በላይ መዳበስ ይችላል።

በኪስ ጠርዝ ላይ የሚታየው የሰንጢ ቅንጥብ ለፖሊስ የታወቀ ምልክት ነው። በ2016 በሰሜን ኮለምበስ በአንድ ምግብ ቤት፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ደግሞ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለት የስለት ጥቃቶች ተፈጽመዋል። ጥቃት አድራሾቹ ከአፍሪካ የመጡ ስለነበሩ በድርጊቱ አንዳች እጅ የሌላቸው ስደተኞች በጥርጣሬ እንዳይታዩ ሰግተው ነበር። ይህን ለሚያስታውስ ሰው፣ ሲቆም እጁን በሚታይ ቦታ አድርጎ መቆየቱ፣ ፖሊሱ ሲጠይቀው ሰንጢው የት እንዳለ በቃል መናገሩና ለማሳየት ብሎ እጁን ወደ ኪሱ አለመስደዱ ከሁሉ የቀደመ ጥንቃቄ ነው። ከዚያ በላይ ለሚቀርብ ጥያቄ ጠበቃ እስኪገኝ ዝም የማለት መብት አለ።

ከኦሃዮ ድንበር ባሻገር

የኦሃዮ ፈቃድ የኦሃዮ ብቻ ነው። ይህ በተለይ ለጭነት መኪና አሽከርካሪዎች ይጠቅማል። በቺካጎ ስለቱ ከሁለት ኢንች ተኩል በላይ የሆነን ቢላ ደብቆ መያዝ ክልክል ነው። በኒው ዮርክ ከተማ ስለቱ አራት ኢንች ወይም ከዚያ በላይ የሆነን ቢላ በአደባባይ መያዝ አይፈቀድም፤ አጭሩም ቢሆን በግልጽ እንዲታይ ተንጠልጥሎ መያዝ የለበትም። በዚያችው ከተማ በእጅ ውርወራ የሚከፈት ሰንጢን የሚከለክል አሮጌ ሕግ የሥራ ሰንጢ የያዙ ብዙ ሠራተኞችን ሲያሳስር ከቆየ በኋላ የተሻረው በ2019 ነበር።

ባሕር ማዶ ገደቡ ይጠብቃል። በብሪታንያ ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ ሊያዝ የሚችለው የማይቆለፍና ስለቱ ከሦስት ኢንች የማይበልጥ ሰንጢ ብቻ ነው። በጀርመን በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ ተገቢ ምክንያት ይዞ መንቀሳቀስ ክልክል ነው፤ በ2024 በዞሊንገን ከተማ በበዓል ላይ ከደረሰው ጥቃት በኋላ ሕጉ ይበልጥ ጠብቋል። በኮለምበስ ከኪስ የማይለይ ሰንጢ ዘመድ ጥየቃ ለንደን ወይም ፍራንክፈርት ይዞት የወረደን ሰው ሊያስከስሰው ይችላል።

በኖርዝላንድ ለሚኖር ሠራተኛ ነገሩ ወደ ጥቂት ልማዶች ይጠቃለላል። ሰንጢውን ለሥራ መያዝ፤ ሥራው ሲያበቃ ከሥራ ዕቃው ጋር ማስቀመጥ፤ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤትና ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሄዱ ቤት መተው፤ በጠብ መካከል ከኪስ አለማውጣት። “ለምን ያዝከው?” የሚለው ጥያቄ ሲመጣም “መሣሪያ” በሚለው አሻሚ ቃል ፈንታ “ካርቶን መክፈቻ”፣ “ገመድ መቁረጫ” ብሎ ሥራውን በስሙ መጥራት አስተርጓሚውንም ዳኛውንም ከስሕተት ይጠብቃል። ክስ የቀረበበት ሰው ግን ከማንም በፊት የወንጀልንና የኢሚግሬሽንን ሕግ አጣምሮ የሚያውቅ ጠበቃ ማማከር ይኖርበታል።